የቆየ ቁጥቋጦ እንዴት ይዛወራል? ቤታቸው ለሚፈርስ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ትምህርት

አያቶቻችንና ወላጆቻችን እስራኤል ገብተው አፓርታማ ሲሰጣቸው፣ ከሕንፃው ሥር ያገኙትን ቁራሽ መሬት ጦሙን አላሳደሩትም። አንዱ ጌሾ ተከለ፣ ሌላዋ ጤና አዳምና አደስ፣ ሌላው ሮማን ወይም ጽጌረዳ። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የገቡ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተከሉት ቁጥቋጦ ዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ቁመቱም ከተካዩ ቁመት አልፏል።

አሁን ደግሞ በብዙ ከተሞች እነዚያ አሮጌ ሕንፃዎች በፒኑይ ቢኑይ እየፈረሱ በአዲስ እየተተኩ ነው። ቤተሰቡ ስለ አዲሱ ቤት ስፋት፣ ሕንፃው እስኪያልቅ ስለሚከራዩት ቤት፣ ስለ ዕቃ ማጓጓዣ ብዙ ይነጋገራል። የጓሮው ነገር የሚነሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ሳምንት ነው፤ ያውም አያት በመስኮት እያዩ «ይኼስ?» ሲሉ። ያን ጊዜ ረፍዷል። የቆየ ቁጥቋጦ በአንድ ሳምንት አይዛወርም፤ አንድ ዓመት ይፈልጋል። መልካሙ ነገር፣ ከፊርማው ቀን እስከ መውጫው ቀን ብዙ ጊዜ ዓመታት ማለፋቸው ነው። ጊዜው አለ፤ የጎደለው አስቀድሞ ማሰቡ ነው።

ስለ ስደትና ስለ ሥር በየመድረኩ ብዙ ተነግሮናል። በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ግን በእውነት ስለ ሥር ነው፤ በአካፋ ስለሚቆረጠው። እኛ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች ስንሆን፣ በተግባር ልምምዳችን ቤታቸው ከሚፈርስ አረጋውያን ጋር ስንሠራ ይህን ጉዳይ ደጋግመን ስላገኘነው፣ ቤተሰብ በእጁ ይዞ ሊጠቀምበት በሚችል መልክ አዘጋጅተነዋል።

1. ከሁሉ በፊት መጠየቅ

በትምህርታችን የመጀመሪያው ደንብ፣ ሰውየው ስለ ራሱ ሕይወት እንዲወስን መተው ነው። በጓሮም ደንቡ ያው ነው። ልጆችና የልጅ ልጆች ብዙ ጊዜ ፍቅር ይዟቸው ሳይጠይቁ ይወስናሉ።

አንድ ምሳሌ እንንገራችሁ። በልምምዳችን ያገኘናቸው አንዲት እናት በጓሯቸው ትልቅ ሮማንና አንድ ጌሾ ነበራቸው። ልጆቻቸው ሮማኑን ለማዳን ተማክረው ጨርሰዋል፤ ትልቅ ነው፣ ያምራል፣ ፎቶ የተነሡበት ነው። ከእናትየው ጋር ቁጭ ብለን ስንነጋገር ግን የሮማኑ ነገር ብዙም አላሳሰባቸውም። «ሮማን ከገበያ ይገዛል» አሉን። የሚያሳስባቸው ጌሾው ነበር። ሰርግ ወይም ተዝካር ያለበት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለጠላ ቅጠል ሊለምን ወደ እሳቸው ይመጣል። ቅጠል ሊወስድ የመጣ ሰው ቡና ሳይጠጣ አይሄድም። ጌሾው ሲቀር የሚቀረው ቅጠሉ ብቻ አልነበረም።

ይህ መልስ የማዛወሪያውን ቦታም ለወጠው። ልጃቸው በሌላ ከተማ ግቢ ያለው ቤት ስላላት እዚያ ሊወስዱት አስበው ነበር። እዚያ ግን ማን መጥቶ ቅጠል ይለምናል? በመጨረሻ ከሰፈሩ ሳይወጣ፣ አረጋውያኑ አብረው ወደሚያለሙት የጋራ አትክልት ቦታ እንዲሄድ ተወሰነ።

አንዳንዱ አረጋዊ ደግሞ «ተዉት፣ ዕድሜውን ጨርሷል» ይላል። ይህም መልስ ነው፤ ሊከበር ይገባል። ስለዚህ አካፋ ከማንሣታችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ፦ ይህን ማን ተከለው? ለምን ተተከለ? ከእሱ የሚቆርጥ፣ የሚለቅም ማን ነው? እርስዎ የት ቢሆን ይወዳሉ? ከተዛወረ በኋላ ማን ያጠጣዋል?

የዚህን ጥያቄ ክብደት ለመረዳት አንድ ታሪካዊ ነገር እናስታውስ። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ለዘመናት የርስት መብት ተነፍጎ በሰው መሬት ላይ ሲያርስ ኖሯል። የጢሰኝነት ሥርዓት የቀረው በ1975 በወጣው የመሬት አዋጅ ነው። ወላጆቹ ለባለርስት ሲገብሩ እያየ ላደገ ሰው፣ በራሱ እጅ ተክሎ ማንም ያልነቀለበት ቁጥቋጦ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ሰው ነው «ሌላ እንገዛልዎታለን» የምንለው።

2. ከመሬት በታች ያለው

ብዙ ሰው የቁጥቋጦ ሥር በቀጥታ ወደ ታች የወረደ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ውሃና ማዕድን የሚጠጡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ የሚገኙት በላይኛው 30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ወደ ጎን ግን ከቅርንጫፎቹ ጫፍ አልፈው ርቀው ይሄዳሉ።

የተክሉ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ጠጪዎቹ ሥሮች ከግንዱ ይርቃሉ። በግንዱ ዙሪያ የሚቀሩት ወፍራሞቹ ናቸው፤ እነሱ ተክሉን ይዘው ያቆማሉ፣ ምግብ ያከማቻሉ እንጂ ብዙ ውሃ አይጠጡም። ስለዚህ በግንዱ ዙሪያ ክብ ቆፍረን ስናወጣው ይዘን የምንሄደው ወፍራሙን ሥር ነው፤ ጠጪው አብዛኛው መሬት ውስጥ ይቀራል። ከላይ ያለው ቅጠል ግን እንዳለ ነው፤ ውሃውን እንደ ድሮው ያተናል። የተዛወረ ቁጥቋጦ የሚሞተው በውሃ ጥም ነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ሥራዎች በሙሉ ዓላማቸው አንድ ነው፤ ጠጪ ሥሮችን ወደ ግንዱ ማቅረብና አዳዲሶቹ እስኪያድጉ ድረስ ጥሙን መቀነስ።

3. የትኛው ይዛወራል? የትኛው በልጁ ይተካል?

ሁሉም ተክል አንድ ዓይነት አይደለም።

ሮማን፣ በለስና ጽጌረዳ በክረምት ቅጠላቸውን ያረግፋሉ። በጥር ወር ቅጠል ስለሌላቸው ውሃ አያተኑም፤ ለማዛወር ከሁሉ የሚቀሉት እነዚህ ናቸው።

ጌሾና አደስ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አላቸው። አደስ በዕብራይስጥ ሃዳስ የሚባለው፣ ለሱኮት ከአራቱ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ተክል ነው። እነዚህ ይዛወራሉ፤ ግን ዝግጅት ይፈልጋሉ። ሎሚና ብርቱካንም ከዚሁ ወገን ናቸው። እነሱ ብርድ በበዛበት አፈር ሥር ለማብቀል ስለሚዘገዩ እስከ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ቢቆዩ ይሻላል።

ቡጋንቪሊያ ሥሩ አፈር አይይዝም፤ ሲነሣ ይበተናል። ትልቁን ለማዛወር መሞከር አብዛኛውን ጊዜ ልፋት ነው።

ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ካረጁና ግንዳቸው ከደረቀ ባይነኩ ይመረጣል። ከቅርንጫፋቸው ጣት የሚያህል ቆርጦ መትከል ቀላል ነው፤ ቶሎ ሥር ያወጣሉ።

የሚቀጥለው ጥያቄ ክብደት ነው። ከሥሩ ጋር ተያይዞ የሚወጣውን አፈር ጓል እንበለው። በተለምዶ ለእያንዳንዱ የግንድ ውፍረት 1 ሴንቲ ሜትር፣ የጓሉ ወርድ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን ይባላል። ግንዱ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተክል 60 ሴንቲ ሜትር ወርድና 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጓል ያስፈልገዋል ማለት ነው። እርጥብ አፈር ከባድ ስለሆነ ይህ ጓል ከ130 እስከ 180 ኪሎ ይመዝናል፤ አራት ጎበዝ በሸራ ያነሣዋል። ወርዱ 80፣ ጥልቀቱ 50 ሲሆን ግን ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል፤ ያ በሰው ጉልበት አይሆንም፣ መኪና ላይ የተገጠመ ማንሻ ይጠይቃል። ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ላወጣ ቁጥቋጦ ደግሞ የሁሉንም ግንዶች እቅፍ ለክታችሁ ከዚያ በየአቅጣጫው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ።

ከዚያ ቦታው አለ። አዲሱ ቤት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ሰገነት ብቻ ያለው ከሆነ፣ ትልቁን ቁጥቋጦ ወደዚያ ማውጣት አይታሰብ። ክብደቱን ሰገነቱ መቻሉ የመሐንዲስ ጥያቄ ነው፤ ነፋሱም ይጎዳዋል። እንዲህ ሲሆን ሁለት መንገድ በአንድነት መያዝ ይቻላል። ትልቁ ወደ ጋራ አትክልት ቦታ፣ ወደ ጸሎት ቤት ግቢ ወይም ግቢ ወዳለው ዘመድ ይሄዳል፤ ልጁ ደግሞ በማሰሮ ወደ ሰገነቱ ይወጣል።

ልጁን ለማግኘት፣ ከታች ያለ ለስላሳ ቅርንጫፍ አጎንብሳችሁ መሐሉን መሬት ውስጥ ቅበሩት፣ ጫፉን ከአፈር በላይ አቁሙት፣ ድንጋይ ጫኑበት፣ አርጥቡት። ከእናቱ እየጠጣ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ የራሱን ሥር ያወጣል፤ ያኔ ቆርጣችሁ ትወስዱታላችሁ። የጌሾ ፍሬ ሲበስልም ዘሩን ማፍላት ይቻላል። ይህን በማንኛውም ሁኔታ አድርጉት፤ ትልቁ ባይተርፍ እንኳ ልጁ ይቀራል።

4. ፈቃድ

የአፓርታማ ሕንፃ ግቢ ብዙ ጊዜ የሁሉም ነዋሪዎች የጋራ ንብረት ነው። እናታችን ተክለው ሠላሳ ዓመት ቢያጠጡትም፣ ከመቆፈር በፊት ለሕንፃው ኮሚቴ፣ ለቫዓድ ባይት፣ በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባል። ቤቱ የመንግሥት ኪራይ ከሆነ አከራዩ አካል ይጠየቃል። የግንባታ ኩባንያው ቦታውን ከተረከበ በኋላ መግባት ስለማይቻል ፈቃዱ ከዚያ በፊት ይጠየቅ።

ሁለተኛው የሕግ ጉዳይ ዛፍን ይመለከታል። በ2008 በወጣው የፕላንና የግንባታ ሕግ ማሻሻያ መሠረት፣ ቁመቱ ቢያንስ 2 ሜትር የሆነና ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍታ ላይ ሲለካ የግንዱ ውፍረት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተክል እንደ ትልቅ ዛፍ ይቆጠራል። እንዲህ ያለውን ለመቁረጥም ሆነ ለማዛወር የደን ኃላፊ ፈቃድ ያስፈልጋል። አብዛኛው ቁጥቋጦ እዚህ አይደርስም፤ የቆየ ሮማን ወይም ሎሚ ግን ሊደርስ ይችላል። ለክታችሁ ከተጠራጠራችሁ በዒሪያው የአትክልት ክፍል ጠይቁ።

ሦስተኛው የደኅንነት ጉዳይ ነው። በግቢው ውስጥ የውሃ፣ የጋዝና የመብራት መስመር የት እንደሚያልፍ ሳይታወቅ አካፋ አይነሣም።

5. የዝግጅቱ ዓመት፦ ሥርን አስቀድሞ መቁረጥ

ይህ የትምህርቱ እምብርት ነው። ሥር ሲቆረጥ፣ ከተቆረጠበት ጫፍ ብዙ ቀጫጭን ሥሮች ያወጣል። ስለዚህ ተክሉ ገና በቦታው ሳለ ዙሪያውን ብንቆርጥለት፣ አዳዲስ ጠጪ ሥሮች ከግንዱ አጠገብ ይበቅላሉ፤ በማዛወሪያው ቀን አብረውት ይሄዳሉ።

በአንድ ጊዜ ዙሪያውን በሙሉ መቁረጥ ግን ተክሉን ያስጠማዋል። ለሁለት እንክፈለው። ማዛወሩ በጥር እንዲሆን ከታሰበ፣ የመጀመሪያው ቆረጣ ከዚያ በፊት ባለው የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ላይ ይደረጋል። ጓሉ እንዲሆን ካሰብነው ክብ ትንሽ ወደ ውስጥ ገብተን፣ በግማሹ ዙሪያ ቦይ እንቆፍራለን፤ ወርዱ አካፋ የሚያስገባ፣ ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል። ያገኘነውን ሥር በተሳለ የአትክልት መቀስ፣ ወፍራሙን በመጋዝ እንቆርጣለን። በዶማ የተቀጠቀጠ ሥር ስለሚበሰብስ ቁርጡ ንጹሕ መሆን አለበት። ቦዩን በዚያው አፈር ላይ ብስባሽ ቀላቅለን መልሰን እንሞላዋለን፤ እናጠጣዋለን።

ቀጥሎ ያለውን በጋ በሙሉ ተክሉ በግማሽ ሥር ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ ከወትሮው የበለጠ ውሃ ይፈልጋል። ሁለተኛው ግማሽ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ይቆረጣል።

አንድ ዓመት የሌለው ቤተሰብስ? ሦስትና አራት ወር ካለ፣ በመጸው ዙሪያውን በሁለት ዙር፣ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ቆርጦ እስከ የካቲት መቆየት ከምንም ይሻላል። አንድ ወር ብቻ ከቀረና ወሩ ክረምት ከሆነ፣ ቅጠል የሚያረግፉት ዕድል አላቸው። ወሩ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ከሆነ ግን ትልቁን ተዉት፤ ጉልበታችሁን ልጁን ለማዳን አውሉት።

6. የመንቀያው ቀን

አዲሱ ጉድጓድ አስቀድሞ፣ ቢቻል ከአንድ ቀን በፊት፣ ይቆፈር። ተክል ተነቅሎ ጉድጓድ እየተቆፈረለት ፀሐይ ላይ መቆየት የለበትም። ከመንቀሉ አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተክሉ በደንብ ይጠጣ፤ እርጥብ አፈር ይያያዛል፣ ደረቅ አፈር ይበተናል። ጭቃ እስኪሆን ግን አይሁን። ደመና ያለበት፣ ነፋስ የሌለበት ቀን ምረጡ።

ቅርንጫፎቹን በገመድ ሰብስባችሁ እሰሩ። ወደ ሰሜን የሚያየውን ጎን በጨርቅ ምልክት አድርጉበት፤ በአዲሱም ቦታ ያው ጎን ወደ ሰሜን ቢዞር ግንዱ ባልለመደው ፀሐይ አይቃጠልም። ከድሮው ቦይ ትንሽ ወጣ ብላችሁ ቆፍሩ፤ አዲሶቹ ሥሮች እዚያ ናቸውና። ጎኑ ነፃ ሲሆን ከሥሩ ወደ ውስጥ ገብታችሁ የታችኛውን ሥር ቁረጡ። ከዚያ ተክሉን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የተጠቀለለ ሸራ ወይም ጆንያ ከሥሩ ማስገባት፣ ወደ ሌላው ጎን አዘንብሎ ሸራውን መዘርጋት፣ ጓሉን ጠቅልሎ በገመድ ማጥበቅ።

በጭራሽ ግንዱን ይዛችሁ አታንሡ። ክብደቱ በግንዱ ላይ ሲንጠለጠል ጓሉ ይሰነጠቃል፤ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ይበጠሳሉ፤ የዓመቱ ድካም በአንድ ደቂቃ ይጠፋል። የሚነሣው ሸራው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ለዚህ ቀን የክፍል ጓደኞቻችሁን ጥሩ። እናትየው ወይም አባትየው ደግሞ ወንበር ይቀርብላቸውና ያዝዙ። ብዙዎቹ አራሾች የነበሩ ናቸው፤ አፈሩ መርጠቡን በእጃቸው ጨብጠው ይነግሯችኋል፤ እኛ በመጽሐፍ ያነበብነውን እሳቸው በልጅነታቸው ሠርተውታል። ስትጨርሱ አሮጌውን ጉድጓድ ድፈኑ፤ የሰው እግር ይሰብራል።

7. ተከላው

አዲሱ ጉድጓድ ወርዱ ከጓሉ ሁለት እጥፍ ያህል ይሁን። ጥልቀቱ ግን ከጓሉ ቁመት አይብለጥ። ተክሉ ድሮ ከመሬት ጋር የተገናኘበት መስመር በግንዱ ላይ ይታያል፤ ያ መስመር ከአዲሱ መሬት ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ግንዱ ሲቀበር ይበሰብሳል።

የተሸፈነበት ሸራ ፕላስቲክ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ጉድጓዱ በወጣው አፈር በራሱ ይሞላ። ብዙ ፍግ ወይም ብስባሽ ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ ከተሞላ ሥሮቹ ከዚያ ለመውጣት ይዘገያሉ። ብስባሹ ከላይ ይበተን። ግማሽ ሲሞላ ውሃ አፍስሱ፣ አፈሩ ይውረድ፤ ከዚያ ቀሪውን ሙሉ። በእግር አጥብቆ መርገጥ አያስፈልግም፤ አየሩን የሚያስወጣው ውሃው ነው። በዙሪያው ውሃ የሚይዝ ግድብ ሥሩለት።

በላዩ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ፣ ማለትም የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም ደረቅ ቅጠል፣ ይነጠፍ፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ። የተሰበረውን ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ ቅጠለ ብዙ ከሆነ ትንሽ አሳሱት። ነገር ግን ግማሹን መመልመል አይገባም፤ አዲስ ሥር የሚያበቅለው ምግብ የሚሠራው በቅጠሉ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የኬሚካል ማዳበሪያ አይደረግበትም።

8. ሁለቱ በጋዎች

ብዙ ሰው የተከላውን ቀን እንደ መጨረሻ ያየዋል። ተክሉ የሚድነው ወይም የሚሞተው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በቤርሼባ በዓመት የሚዘንበው 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በባሕር ዳርቻው ከተሞችም ቢሆን ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው በጋ ፈተና ነው፤ ሁለተኛውም እንዲሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝናብ ከሌለ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ይጠጣ፤ ከዚያ እየተራራቀ፣ በበጋ ደግሞ እንደ ሙቀቱ ይጨመር። ለ60 ሴንቲ ሜትር ጓል በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሊትር ይበቃል። በቀን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ ጣታችሁን 10 ሴንቲ ሜትር አስገቡ። ከደረቀ አጠጡ፤ ከራሰ ተዉት። ሁልጊዜ የራሰ አፈርም ሥርን ያፍናል።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሥሩ በሙሉ ገና ጓሉ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ውሃው የሚወርደው በጓሉ ላይ መሆን አለበት። የጠብታ ቱቦው ከጓሉ ውጭ ከተዘረጋ ዙሪያው ርሶ ተክሉ በጥም ይሞታል። በሁለተኛው ዓመት ሥሩ ሲሰፋ ቱቦውም ወደ ውጭ ይሰፋል። ሻራብ ሲነፍስ፣ ያ የበረሃ ትኩስ ነፋስ፣ የጥላ መረብ ለጥቂት ቀን ይጋረድለት።

ቅጠሉ ቢረግፍ አትደንግጡ፤ «ሞተ» ብላችሁ ለእናታችን አትንገሩ። ቅርንጫፉን በጥፍር ፋቅ አድርጉ፤ ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። ወደ ድሮው ጉልበቱ ለመመለስ በግንዱ ውፍረት ለየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ዓመት ያህል እንደሚፈልግ በተለምዶ ይገመታል። ስለዚህ 6 ሴንቲ ሜትር ግንድ ያለው ጌሾ ከሁለት ዓመት በላይ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ቅጠሉን ለጠላ ብዙ አትልቀሙለት።

ለዚህ ነው በመጀመሪያ «ማን ያጠጣዋል?» ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ። የማጠጫ ተራ በስም ተጽፎ ይለጠፍ። ከተቻለ ተራው የአረጋዊውን ስም ይጨምር። ከሰፈራቸው ወጥተው በኪራይ ቤት ለሚቆዩ ሰው፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚሄዱበትና የሚጠበቁበት ቦታ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

9. ሽሚታና ዖርላ

ቤተሰቦች ሁለት የሃይማኖት ጥያቄ ያነሡልናል። የመጀመሪያው ሽሚታ ነው። የሚቀጥለው የሽሚታ ዓመት 5789 ሲሆን፣ በ2028 በሮሽ ሃሻና ይገባል። በዚያ ዓመት ተከላ የተከለከለ ነው፤ ከመግባቱ በፊት ባለው በጋም ገደብ አለ። ስለዚህ መውጫ ቀናቸው በዚያ ዓመት የሚውል ቤተሰቦች ሥራውን ከአንድ ክረምት በፊት ማሰብ አለባቸው።

ሁለተኛው ዖርላ ነው። በዘሌዋውያን 19፥23 እንደተጻፈው፣ የተተከለ የፍሬ ዛፍ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ፍሬው አይበላም። ታዲያ የተዛወረ ሮማን እንደ አዲስ ይቆጠራል? ሚሽና በዖርላ ክፍል ምዕራፍ 1 ስለዚህ ይናገራል፤ ዛፉ ከነጓሉ ተነቅሎ በዚያ ጓል ብቻ መኖር የሚችል ከሆነ ቆጠራው አይታደስም፤ ካልቻለ ግን እንደ አዲስ ተክል ነው። ጓሉን ሳይበተን ማውጣት ለተክሉ ሕይወትም ለማዕዳችንም ይጠቅማል ማለት ነው። ዝርዝሩን ከቄሳችሁ ወይም ከረቢያችሁ ጋር፣ ከመንቀሉ በፊት፣ ተነጋገሩ።

ለቤተሰብ ውይይት

ይህን ጽሑፍ ከወላጆቻችሁ ወይም ከአያቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ አንብቡት፤ እነዚህንም ጥያቄዎች ተወያዩባቸው።

በጓሯችን ካሉት ተክሎች አያታችን የሚመርጡት የትኛውን ነው? ለምን? ጠይቀናቸው እናውቃለን?

የመውጫ ቀናችን መቼ ነው? ከዚያ ወደ ኋላ ስንቆጥር የመጀመሪያው የሥር ቆረጣ በየትኛው ወር ይውላል?

ትልቁ ተክል የት ይሄዳል? ልጁስ? በሁለቱ በጋዎች ማጠጣቱን በስም የሚረከበው ማን ነው?

እሳቸው «ተዉት» ቢሉ፣ እኛ ለመተው ዝግጁ ነን?